ጓያና ሽንኩርት በዋድላ ደላንታና በላስታ ደጋ

ከላሊበላ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው የተከዜን መነሻ ሸለቆዎች ተሻግሮ ወደ መቄት ደጋ ይወጣል፤ ጋሸና ከደረሰም በኋላ በቆን በኩል የዋድላን ሜዳ ያቋርጥና የዥጣን ገደል ወርዶ ሲወጣ ደላንታን ያገኛል። ይህ አገር በታሪካችን ስሙ የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ያስጐተቱት በዋድላና በደላንታ አድርገው ነው፤ በ1860 ዓ.ም. እሳቸውን ፍለጋ የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦርም ያለፈው በዚያው ነው። ስለ መድፉ ክብደትና ስለ ጐታቾቹ ድካም ብዙ ተጽፏል። መድፉ ባለፈበት ሜዳ ላይ ስለሚዘራው ስለ ጓያ ግን የታሪክ ጸሐፊዎች እምብዛም ብዕራቸውን አላነሡም። ይህ ትንሽ ጥራጥሬ በዚሁ ደጋ ላይ በቅርብ ዘመን ብዙ ወጣቶችን ከእግራቸው ስለ ጣለ፣ በእናቶቻችን ድስት ውስጥ የሚገቡት ቅመሞችም ከዚህ ጕዳት ሰውን ይጠብቁ እንደሆነ ሊቃውንት የመረመሩት በዚሁ አገር ስለሆነ፣ ታሪኩን በዚህ ጽሑፍ ልንተርክ አሰብን።

ጓያ ከአተርና ከሽምብራ ወገን የሆነ፣ ፍሬው ማዕዘን ያለው ጠፍጠፍ ያለ ጥራጥሬ ነው። የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ውሃ በጠገበ ዋልካ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሰማዩ ቢጨክንበት እንኳ መሬቱ በያዘው እርጥበት ብቻ አብቦ ያፈራል። ውሃ ቢተኛበት ይታገሣል፤ ድርቅ ቢመጣበትም ይታገሣል። ብዙ እርሻ አይፈልግም፤ ከአየር የሚስበው ናይትሮጅንም መሬቱን ለሚቀጥለው ዓመት ስንዴ ወይም ጤፍ ያለሰልሰዋል። ከክብደቱ ሩብ የሚያህለው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ፕሮቲን ነው። በገበያም ከባቄላና ከአተር ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ድኻ ገበሬ ጓያን ቢወድ የሚፈረድበት አይደለም። ስንዴው በዋግ ሲመታ፣ ባቄላው ሲጠወልግ፣ ገብሱ ሳያሽት ሲቀር ማሳው ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው እርሱ ነውና።

በአገራችን ጓያ በብዙ ዓይነት ይበላል። ተከክቶ ክክ ወጥ ይሆናል፤ ተፈጭቶ ሽሮ ይሆናል፤ ዱቄቱ ከሌላ ዱቄት ጋር ተደባልቆ ቂጣ ይጋገራል፤ በችግር ጊዜም ተቦክቶ እንጀራ ይሆናል። ይህ ሁሉ በእሳትና በድስት፣ ወይም በምጣድና በቡሖ ዕቃ የሚያልፍ ምግብ ነው። ከዚህ ሌላ ደግሞ ፈጣኑ አበላል አለ፤ ይኸውም እሸቱን ከማሳው ሸልቅቆ መብላት፣ ፍሬውን ቈልቶ መቈርጠም፣ ወይም በውሃ ቀቅሎ ንፍሮ ማድረግ ነው። አንባቢው እነዚህን ሁለት ዓይነት አበላሎች ለይቶ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ከዚህ በታች የምንናገረው ነገር ሁሉ የሚዞረው በእነርሱ ላይ ነው።

አንድ ሰው ጓያን አልፎ አልፎ ወይም ከሌላ እህል ጋር ቢበላ የሚደርስበት ነገር የለም። ሁለት ሦስት ወር ሙሉ የዕለት ምግቡ ከሞላ ጐደል ጓያ ብቻ የሆነ እንደሆነ ግን፣ ከሚበሉት ሰዎች አንዳንዱ አንድ ቀን ጠዋት ሲነሣ ጕልበቱ ተገትሮ ያገኘዋል። ባቱ ይኰማተራል፤ ተረከዙ መሬት መንካት ይተውና በጣቱ ጫፍ ይራመዳል፤ እግሮቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። ቀላል የሆነለት ያለ ምርኩዝ እያነከሰ ይሄዳል፤ ሌላው በአንድ ዱላ፣ የባሰበት በሁለት ዱላ ይሄዳል፤ እጅግ የጸናበት በእጁ እየዳኸ ይኖራል። አእምሮው አይነካም፤ እግሩንም ቢቈነጥጡት ይሰማዋል። የተጐዱት ከአንጐል ተነሥተው ለእግር ትእዛዝ የሚያደርሱት የነርቭ ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ አንድ ጊዜ ከተጐዱ የሚመልሳቸው መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። በብዙ ቦታ ሕዝቡ በሽታው የሚመጣው ጓያ ሲቀቀል ከሚወጣው እንፋሎት ወይም ገለባውን ከመርገጥ ነው ይላል። ይህ ትክክል አይደለም፤ ሆኖም ሐኪም ባልነበረበት አገር ሽባነቱን ከጓያ ጋር ማገናኘቱ ራሱ ትልቅ ማስተዋል እንደሆነ ሳንናገር አናልፍም።

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም። የግሪኮች ሐኪም የሂፖክራተስ ናቸው በሚባሉት መጻሕፍት ውስጥ፣ በትራቄ አገር አይኖስ በምትባል ከተማ ዘወትር አተር የሚበሉ ወንዶችና ሴቶች እግራቸው እንደ ሰነፈ ተጽፏል። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1671 በጀርመን አገር የቩርተምበርግ መስፍን ጓያ በዳቦ ውስጥ እንዳይገባ በዐዋጅ ከለከለ። በ1811ና በ1812 በማድሪድ ከተማ ረኃብ በገባ ጊዜ ሕዝቡ የተረፈው በጓያ ገንፎ ነበር፤ ሠዓሊው ፍራንሲስኮ ጎያም ገንፎውን ከብበው የሚበሉትን ሰዎችና በአጠገባቸው እግሯ ሰልሎ የተኛች ሴት ሥሎ ሥዕሉን ጓያን በማመስገን ሰየመው። ምስጋናውና ሽባዋ በአንድ ሥዕል ውስጥ መግባታቸው የሠዓሊውን ጥልቅ ዐሳብ ያሳያል። በሕንድ አገርም በሳጋር አውራጃ ስንዴው ደጋግሞ ሲጠፋ ጓያው ብቻ ስለ በቀለ በ1833 ብዙ ወጣቶች ከወገባቸው በታች እንደ ሰለሉ ስሊማን የተባለ እንግሊዛዊ ሹም ጽፏል። ኋላም በ1873 ካንታኒ የተባለ የናፖሊ ሐኪም ለበሽታው ላቲሪዝም የሚለውን ስም አወጣለት።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የቫፕንያርካ ነገር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942 መጨረሻ ላይ፣ ሮማኒያውያን በያዙት የዩክሬን ክፍል በሚገኘው በዚህ ሰፈር የታሰሩ አይሁድ ለከብት መኖ የሚሆን ጓያ በየቀኑ ይቀርብላቸው ነበር። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፈ በመቶ የሚቈጠሩ እስረኞች እግራቸው ተያዘ። አብሯቸው ታስሮ የነበረው ዶክተር አርተር ኬስለር ምክንያቱ ምግቡ መሆኑን ለይቶ ዐወቀ። እዚያ የታየው ነገር ከድርቅ ዘመን ጋር የሚመሳሰለው በዚህ ነው፤ ሰው በፈቃዱ ጓያን ብቻ አይበላም፤ ወይ ጠባቂ ወይ ረኃብ ያስገድደዋል እንጂ።

ወደ አገራችን እንመለስ። የላስታና የዋግ ሕዝብ ከረኃብ ጋር ያለው ትውውቅ የቈየ ነው። በ1880ዎቹ ዓመታት የከብት እልቂት ያስከተለው ክፉ ቀን፣ በ1958 ዓ.ም. በዋግና በላስታ የገባው ረኃብ፣ ከዚያም የ1966ቱና የ1977ቱ የወሎ ረኃብ በየትውልዱ ጠባሳቸውን ትተዋል። የጓያው ሽባነት ግን በሐኪሞች መዝገብ በመጀመሪያ በሰፊው የተመዘገበው በጣና ዙሪያ ነው። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1976ና በ1977 በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው በበሽታው ስለ ተያዘ አገራችን ያሉ ሐኪሞች ሁኔታውን መርምረው በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ በ1978 አወጡት። ኋላም የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ጓደኞቻቸው በዚያው አገር ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ቈጠሩ። በ1990 ባወጡት ጥናት ከሺህ ሰው መካከል በአማካይ 6ቱ በጓያ የሰለሉ ሆነው ተገኙ፤ ቍጥሩ በአንዳንዱ መንደር ወደ 1 ዝቅ ሲል በአንዳንዱ እስከ 29 ከፍ ይላል። ለአንድ መንደር 29 ሽባ ምን ማለት እንደሆነ፣ ስንት ጥማድ በሬ ያለ አራሽ እንደሚቀር፣ ቈጥሮ የሚያውቅ ገበሬ ብቻ ነው።

በወሎ በኩል ያለው መከራ የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው። በ1995ና በ1999 መካከል፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር፣ በደላንታ ዳውንት አዝመራው በድርቅ ተመታ፤ ድርቁን ችሎ የቆመው ጓያ ብቻ ሆነ። ደላንታና ዳውንት ያን ጊዜ በሰሜን ወሎ ዞን ውስጥ አንድ ወረዳ ነበሩ፤ ዛሬ ዳውንት በሰሜን፣ ደላንታ በደቡብ ወሎ ይገኛሉ። ሌላ እህል የሚገዛበት ገንዘብ ያልነበረው ቤተ ሰብ ጠዋት ጓያ፣ ማታም ጓያ በላ። ወደ 2000 የሚደርስ ሰው እግሩ ተያዘ። ዶክተር ኃይለ ኢየሱስ ጌታሁን ከቤልጅጉ ሊቅ ከፈርናንድ ላምባይንና ከሌሎች ጋር ሆነው ነገሩን በስፍራው መረመሩ፤ ወሬውም ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት በ1999 ለዓለም ተሰማ።

እነዚህ ሰዎች የጠየቁት ጥያቄ እጅግ አስገረመን። ጓያ መርዝ እንዳለው ቀድሞ የታወቀ ነበር። እነርሱ የጠየቁት በአንድ መንደር፣ ምናልባትም በአንድ ገበታ፣ ሁሉም ጓያ ሲበሉ ስለ ምን አንዱ ሰለለ፣ ሌላው ስለ ምን ዳነ የሚለውን ነው። መልሱን ለማግኘትም የታመሙትንና ያልታመሙትን አበላል እያነጻጸሩ ጠየቁ። ውጤቱ በ2003ና በ2005 ታትሞ ወጣ። ጓያን በንፍሮ፣ በቈሎና በጥሬ እሸት የበላ ሰው የመስለል ዕድሉ ከፍ ብሎ ተገኘ። በተቦካ እንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ የበላው ግን ዕድሉ አልጨመረም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የመሳሰሉት ቅመሞች ከገቡበት ወጥ ጋር የበላው ደግሞ ዕድሉ በአራት እጅ ቀነሰ። ጓያውን ከስንዴ፣ ከገብስ ወይም ከሌላ የአገዳና የብርዕ እህል ጋር መቀላቀልም እንዲሁ ሰውን ይጠብቃል። ከዚህ ቀደም ብሎ በወጣው ጥናታቸው ደግሞ፣ ጓያን በእጅ በተሠራ የሸክላ ድስት ብቻ በሚያበስሉ ቤቶች በሽታው እጥፍ ያህል እንደሚበዛ ጽፈዋል፤ እኛ ይህን ከሸክላው ይልቅ የድህነቱ ምልክት አድርገን ለማየት እንወዳለን።

ወጣት ወንዶች ከሴቶች ይልቅ ለምን እንደሚበዙበትም ከዚህ በከፊል ይገባል። እረኛው ልጅ ቀኑን የሚውለው ከወጡ ርቆ በማሳ ዳር ነው፤ እሸቱን ይሸለቅቃል፤ ቈሎውን በኪሱ ይዞ ይወጣል። ሴቲቱ ከምድጃው አጠገብ ስለምትውል የምትበላው የበሰለውን ነው።

አሁን ደግሞ መርዙ ምን እንደሆነ በአጭሩ እንናገር። በ1964 በሕንድ አገር በባንጋሎር ከተማ ራኦ፣ አዲጋና ሳርማ የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ከጓያ ፍሬ አንድ አሚኖ አሲድ ለይተው አወጡ፤ ስሙ ረጅም ስለሆነ ባጭሩ ኦዳፕ ይባላል። የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት ግሉታሜት በሚባል መልእክተኛ ነው። ኦዳፕ መልኩ ግሉታሜትን ይመስላል፤ ስለዚህ በሩ ይከፈትለታል። ገብቶም ሕዋሱን ያለ ዕረፍት ይቀሰቅሰዋል፤ ሕዋሱ ኃይሉን የሚያገኝበትን ሚቶኮንድሪያ የተባለውን ክፍል ያውካል፤ ከዚህም የተነሣ ሕዋሱን ከውስጥ የሚያቃጥሉ የኦክሲጅን ውላጆች ይበዛሉ። ጤነኛ ሕዋስ ይህን ቃጠሎ የሚያበርድበት የራሱ መከላከያ አለው፤ ዋናው ግሉታቲዮን የሚባለው ነው። ግሉታቲዮን የሚሠራው ግን ድኝ ካለበት ምግብ፣ ማለት ሜቲዮኒንና ሲስቴይን ከሚባሉት አሚኖ አሲዶች ነው፤ ጓያ ደግሞ በእነዚህ እጅግ ድኻ ነው። እንግዲህ ጓያን ብቻ የሚበላ ሰው እሳቱን እየጨመረ ውሃውን እያጐደለ ነው ማለት ነው። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ በእነዚህ ነገሮች ከጓያ የተሻሉ ስለሆኑ፣ የአያቶቻችን ዱቄት ቅልቅል ሳይታወቃቸው የጐደለውን ይሞላ ነበር።

ቅመሞቹስ? ነጭ ሽንኩርት ሲወቀጥ በውስጡ ያለው አንድ ነገር ተለውጦ አሊሲን የተባለውን ድኝ ያለበትን ቅመም ያወጣል፤ የሚሸተንም እርሱ ነው። ቀይ ሽንኩርት ኩዌርሴቲን፣ ዝንጅብል ጂንጀሮል የተባለ ነገር አላቸው። እነዚህ ሁሉ አንቲኦክሲዳንት ከሚባለው ወገን ናቸው፤ ይኸውም ያን የኦክሲጅን ቃጠሎ የሚያበርዱ ማለት ነው። በዓለም ላይ ባሉ ቤተ ሙከራዎች የአንጐል ሕዋሳትን ከልዩ ልዩ በሽታ ይጠብቁ እንደሆነ የሚመረመሩት እነዚህና የመሳሰሏቸው የዕፀዋት ቅመሞች ናቸው፤ የአብዛኛው ምርመራ መድረሻ ግን እስከ ዛሬ ሕዋስ በብርጭቆና አይጥ በሣጥን ነው። የደላንታው ጥናት ክብደቱ ሰዎች በእውነተኛ ረኃብ ውስጥ በእውነተኛ ድስት ምን እንደ በሉ በመጠየቁ ነው። ዕፅን ሁሉ መድኃኒት፣ ወይም ሁሉን መርዝ ለማለት ለሚቸኵል ሰው አንድ ነገር እንጨምርለት፤ ያው ኦዳፕ የተባለው የጓያ መርዝ ቻይኖች ደም ለማቆም በሚጠቀሙበት በአንድ የጂንሰንግ ዓይነት ሥር ውስጥም ተገኝቷል።

ይህን ስንጽፍ ጥንቃቄ ማድረግ አለብን። ሽንኩርት ኦዳፕን አያጠፋም፤ የሰለለውንም እግር አይመልስም። ደግሞም ሽንኩርት የሚገዛ ቤት ሌላም ነገር ይገዛል፤ ዘይት ይኖረዋል፤ ጥቂት ስንዴ ይኖረዋል፤ ስለዚህ ከጥበቃው የትኛው ድርሻ የቅመሙ፣ የትኛው የኑሮው እንደሆነ ፈጽሞ መለየት አስቸጋሪ ነው። ፍሬውን በብዙ ሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ከመርዙ ብዙውን እንደሚያስወግድ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ሴቲቱ ውሃውን ከሩቅ ምንጭ በጀርባዋ አዝላ የምታመጣ፣ እንጨቱም የተመናመነ እንደሆነ ይህ ምክር ለመናገር እንጂ ለመፈጸም ቀላል አይደለም።

እኛን ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ረኃብ የሚሄድበት ቅደም ተከተል ነው። ችግር ወደ ቤት ሲገባ ጓያውን አስቀድሞ አይወስድም። አስቀድሞ የሚወስደው ቅቤውንና ዘይቱን ነው፤ ቀጥሎ በገበያ የሚገዛውን ሽንኩርትና ዝንጅብል፤ ቀጥሎ ከዱቄቱ ጋር የሚቀላቀለውን ስንዴና ገብስ፤ ከዚያም የማገዶ እንጨቱ ሲሸጥ ረጅም ጊዜ የሚፈላው ወጥ ይቀርና ንፍሮና ቈሎ ይተካዋል። ጓያው ብቻውን በገበታ ላይ የሚቀረው ጠባቂዎቹ ሁሉ አንድ በአንድ ከሄዱ በኋላ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ በ2003 በላንሴት ላይ ሲጽፉ ጓያ በሚበላበት አገር ረኃብ ሲገባ የእህል ርዳታ ሽባነትን እንደሚቀንስ አድርገው ማሳሰባቸው ተገቢ ነበር። የስንዴ ርዳታ ሲመደብ ሰው እንዳይሞት ተብሎ ብቻ ይታሰባል፤ በጓያ አገር ግን በጊዜ የደረሰ ስንዴ የነርቭ ጠባቂም ነው፤ ሦስት ወር ዘግይቶ የደረሰው ደግሞ ሆድ ይሞላል እንጂ እግር አይመልስም። በወረዳ ጽሕፈት ቤት የአዝመራ መግለጫ የሚሞሉ ባልደረቦቻችን፣ ሌላው እህል ከሽፎ ጓያ ብቻ መልካም ነው የሚል ሪፖርት ሲደርሳቸው፣ ያን መልካም የሚለውን ቃል እንደ ምሥራች እንዳያነቡት እንመኛለን።

ሕንድ በ1961 የጓያን ሽያጭ በሕግ ከለከለች፤ ብዙ ግዛቶቿ ግን መዝራቱን አልተዉም። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ክልከላ ቢደረግ የመጨረሻውን እህል ከድኻው እጅ መንጠቅ ይሆን ነበር ብለን እናምናለን። የተሻለው መንገድ ዘሩን ማሻሻል ነው። የአገራችን የእርሻ ተመራማሪዎች ኢካርዳ ከተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት በተገኘ ዘር ተጠቅመው ዋሴ የተባለውን ኦዳፑ አነስተኛ የሆነ የጓያ ዝርያ በ2006 ለገበሬ አወጡ። ችግሩ የጓያ አበባ ንብ የሚወደው መሆኑ ነው፤ ንቡ ከጎረቤት ማሳ የመረረውን ዱቄት ይዞ ሲመጣ ዘሩ ከዓመት ወደ ዓመት ይደባለቃል። የመርዙም መጠን በዘሩ ብቻ አይወሰንም፤ ድርቅ ሲበረታ ይጨምራል። ይኸውም ጓያው እጅግ በሚያስፈልግበት ዓመት እጅግ የሚጐዳ ይሆናል ማለት ነው።

የደላንታው ጥናት ሲደረግ ከታመሙት ብዙዎቹ ገና እረኞችና ጕልማሶች ነበሩ። በሽታው ከተያዙ በኋላ አይብስም፤ ዕድሜም አያሳጥርም፤ አይድንምም። ስለዚህ ያን ጊዜ የ15 ዓመት ልጅ የነበረው ዛሬ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ማረሻ መጨበጥ ባይችልም ዱላውን ይዞ ወደ ወገል ጤና ገበያ ይወጣል።